ከሰማያዊው ሥር

የርእሶም መኪና ቀለሟ መርገፍ የጀመረው ከኮፋኖዋ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ሰማያዊ ቅርፊት ይነሳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ያ ቅርፊት ይጠቀለልና ንፋስ ይወስደዋል። አስመራዎች ሚለቸንቶ የሚሏት አሮጌ ፊያት ናት። ዳቦ ጋጋሪ የነበረው አባቱ ሲገዛት ግን ሰማያዊ አልነበረችም። የእርግብ ክንፍ የመሰለ ግራጫ ነበረች። ርእሶም ጡረታ ሲወጣ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ግራጫ መመለስ። ኪሱ ደግሞ የጡረተኛ ኪስ ነውና፣ የማያስከፋ ሠሪ በማያስከፋ ዋጋ መፈለግ ነበረበት።

መኪናዋ ለእሱ ምን እንደነበረች ካልተነገረ ቀሪው አይገባም። ርእሶም የዕድሜውን ግማሽ የፈጀው ፖርት ሱዳን ላይ የመርከብ ጭነት ሲመዘግብ ነው። ሲሄድ እናቱን፣ ቤቱንና መኪናዋን ትቶ ሄደ። ሲመለስ እናቱ ሞታለች፤ ቤቱን ዘመድ ተካፍሎታል። መኪናዋ ብቻ በተዋት ቦታ፣ ጓደኛው ጎይትኦም ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ቆየችው። ሲሰናበቱ ቁልፉን በጎይትኦም መዳፍ ላይ አኑሮ ያለው አንድ ቃል ነበር፦ «ሕድሪ።» እኛ አደራ የምንለው ነው። በዚያ አገር ሕድሪ የተባለ ነገር ሲሰጥ ምስክር አይጠራም፤ ምስክር መጥራት ተቀባዩን መስደብ ነው።

«በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ ጎማዋ መሬት አልረገጠም» ነበር ያለው ጎይትኦም፣ ርእሶም የተመለሰ ዕለት። «ዝገት እንዳይበላት ብዬ አንድ እጅ ቀለም አስነካኋት። ሰማያዊ ነው የተገኘው፤ ይቅር በለኝ።»

ርእሶም ያን ቀን አለቀሰ። ሁሉም ነገር በተነካበት፣ በተሸጠበት፣ በተበተነበት ዘመን አንድ ሰው አንድ ነገር ሳይነካ አቆየለት። ሰው ከደረሰበት ሁሉ በኋላ በዓለም ላይ ያለውን እምነት የሚያንጠለጥልበት አንድ ምስማር ይፈልጋል። የርእሶም ምስማር ይህች መኪና ነበረች፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ጎይትኦም ነበር።

ሁለቱ በየማለዳው የሚገናኙት ለተንጉሥ የምትባል ሴት ቡና ቤት ነው። የቀለሙም ጉዳይ የተነሳው እዚያው፣ በማኪያቶ ላይ ነው።

«ትልቁን ጋራዥ ጠየቅኩት» አለ ርእሶም። «እስከ ብረቱ ፍቀን፣ አዲስ እናደርጋታለን አለኝ።»

«ዋጋውስ?»

«ዋጋውን ሲነግረኝ ቀለሙን ትቼ መኪናዋን ልሸጥለት አሰብኩ።»

ጎይትኦም ሳቀ። ሰፊ ፊት፣ ቶሎ የሚስቅ ዓይን ነበረው። «አየህ፣ መፋቅ የሚሉት ገንዘብ መላጫ ነው። አሮጌ ቀለም ከብረቱ ጋር ተጋብቷል። ምን ብለህ ታፋታቸዋለህ? በላዩ ላይ ግራጫህን ቀባና ጨርስ። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ አለ፣ ከመደበር የብረት ሠሪዎች ገበያ ጀርባ። በሦስት ቀን ያስረክብሃል፤ ዋጋውም ያንተ ዋጋ ነው።»

«አይፍቅም?»

«አይፍቅም። ለምን ይፍቃል? የሞተ ሰው ልብስ ነው እንዴ?»

ርእሶም ጓደኛው ለኪሱ ሲጨነቅለት ደስ አለው። በኋላ ሲያስታውስ የሚያሳፍረው ውሸቱ ሳይሆን ያ ደስታው ነው።

በማግስቱ መኪናዋን እየነዳ ወደ ጎይትኦም ሰው ሄደ። በሩ ተዘግቷል፤ የሠሪው አጎት ሞቶ ለቅሶ ላይ ናቸው አሉት። መንገዱን ሲመለስ የኸሊፋን ግቢ በር ገርበብ ብሎ አየው። ኸሊፋ ጥቂት የሚናገር፣ ጢሙ ላይ ሁልጊዜ የስቱኮ ብናኝ የማይጠፋበት ቀለም ቀቢ ነው። ርእሶም ዋጋ መጠየቅ አይከፈልበትም ብሎ ገባ።

«አቦይ፣ መስኮት ሳልከፍት ዋጋ አልናገርም» አለው ኸሊፋ።

«መስኮቶቿማ ይከፈታሉ፤ እጀታው ትንሽ ጠጠር ይላል እንጂ።»

ኸሊፋ ፈገግ አለ። «እሱን አይደለም።» የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክሮ በፊተኛው ጎማ መሸፈኛ፣ በፓራፋንጎው ላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ በቀስታ ማሸት ጀመረ። ከሥር ስንት ቀለም፣ ስንት ስቱኮ እንዳለ ሳያይ ሒሳብ የማይናገር ሠሪ እንዲህ ያደርጋል፤ መስኮት መክፈት ይሉታል። ሰማያዊው ውኃ ሆኖ በጎማው ላይ ፈሰሰ። ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ኸሊፋ አላቆመም፤ ከቢጫው ሥር፣ ጥፍር በምታህል ቦታ፣ ያ ግራጫ ብቅ አለ።

ርእሶም ግራጫውን ሲያይ ልቡ ዘለለ። የአስመራ ታክሲ የሚቀባውን ቢጫ ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

«አቦይ፣ ታክሲ ነበረች እንዴ?»

«ተሳስተሃል። የአባቴ መኪና ናት። እኔ ሳልኖር ከግቢ ወጥታ አታውቅም።»

ኸሊፋ ከሽማግሌ ጋር አልተከራከረም። ወደ በሩ ዞሮ ሌላ መስኮት ከፈተ። እዚያም ቢጫ። ቢጫው ላይ ደግሞ በጥቁር የተጻፈ የቁጥር ቁራጭ፣ የታክሲ ተራ ቁጥር ጭራ። ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ጣለና እጁን ጠረገ። «እስከ ብረቱ ከሆነ ይህን ያህል፣ በላዩ ላይ ከሆነ ይህን ያህል» ብሎ ሁለት ዋጋ ነገረው። ርእሶም አንዱንም አልሰማም።

የሰማው የእናቱን ድምፅ ነው። ፖርት ሱዳን ሳለ በስልክ እንዲህ ብላው ነበር፦ «ዛሬ ከሐኪም ቤት ስመለስ እግሬ ከዳኝና ታክሲ ያዝኩ። ወንበሩ የአባትህን መኪና ወንበር መሰለኝ፤ ሽታው እንኳ ሳይቀር! ሾፌሩ የማላውቀው ልጅ ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ስወርድ እንባዬ መጣ። አየህ እርጅና፣ ልጄ!» እሱም ሳቀባት። ለምን ጎይትኦም አያደርስሽም ሲላት፣ «ምስኪን፣ ሞተሯ አይነሳም ይላል፤ ምን ያድርግ» አለችው።

ለተንጉሥ ቡና ቤት ሲደርስ ጎይትኦም ገና አልመጣም። ባለቤቷ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ለተንጉሥ፣ መኪናዬ ታክሲ እንደነበረች ታውቂ ነበር?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፤ የሚቀልድ መሰላት። «ምን ማለትህ ነው? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከገበያ ተሳፍሬባታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የራስህን መኪና ለራስህ?» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ጎይትኦም ነው የነገረን። ርእሶም ለእናቱ መተዳደሪያ ብሎ አሠራት አለን። ለእሷ ግን አታንሱባት፣ ታፍራለች አለን። ሰፈሩ ሁሉ መረቀህ እኮ። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ ተባለልህ...» ፊቱን ስታይ ድምፅዋ ቀነሰ። «አታውቅም ነበር? ወይ ጉድ!»

እንግዲህ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያላወቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። ባልሠራው ደግነት ሲመረቅ ኖሯል፤ ምርቃቱንም ቢሆን ማንም አላደረሰለትም።

ጎይትኦም እንደ ልማዱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። «እህሳ፣ ልጁ ጀመረልህ?»

«ዝግ ነበር። ኸሊፋ ጋ ሄድኩ።»

«ኸሊፋ! እሱማ ውኃ ሲያፈስ ነው የሚውለው።»

«መስኮት ከፈተ።»

ጎይትኦም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ለተንጉሥ ማኪያቶውን አስቀምጣለት ወደ ጓዳ ገባች። ስኳሩን ጨመረ፤ አማሰለ፤ ማማሰሉን አላቆመም።

«ስድስት ልጅ ነበረኝ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አንዱን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«መኪና ቆማ ትበሰብሳለች፣ ልጆች ተቀምጠው ይራባሉ። በየትኛው እንድፈርድ ነበር የምትፈልገው?»

«እንድትጠይቀኝ ነበር የምፈልገው።»

«እምቢ ብትለኝስ?»

«እምቢ እንደማልልህ ታውቃለህ።»

ጎይትኦም ማንኪያውን አወጣ። «አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ። እሺ ብለኸኝ ቢሆን ዕድሜ ልኬን ያንተን ውለታ ስበላ እኖር ነበር። ሳልጠይቅህ ሲሆን ግን... የላቤን የበላሁ መሰለኝ።»

ርእሶም ይህን በልቡ መዘነው። እውነት ነበረበትና የበለጠ ከፋው። ሰው ሌባ ሲሆን ይገባል፤ ከቸርነትህ ለመሸሽ ብሎ የሚሰርቅህን ግን ምን ትለዋለህ?

«እናቴስ?»

ጎይትኦም የስኳሩን ዕቃ ወደ ጎን ገፋ።

«ጎይትኦም፣ እናቴ በእግሯ ስትሄድስ?»

«እሷን ካሳፈርኩ ታውቃለች፣ ትነግርሃለች። አትነሳም አልኳት።» ዓይኑን ከብርጭቆው አላነሳም። «አንድ ቀን ሾፌሩ ሳያውቃት አሳፍሯታል። ማታ ገቢ ሲያስገባ የዕለቱን ነገር ሲያወራኝ፣ አንዲት አሮጊት ወንበሩን እየዳሰሰች አለቀሰች አለኝ። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

«ሒሳቧን መለስክላት?»

«ምን ብዬ ልመልስላት?»

«በልጆቼ ብለህ ማልክልኝ እኮ።»

«ማልኩ» አለ ጎይትኦም። ከዚያ፣ ሰው ማጣፊያው ሲያጥረው እንደሚያደርገው፣ ወደ ቀልድ ሸሸ። «ለሰማያዊው ግን ደህና ቀለም ነበር የገዛሁት።»

«ለእሱም ላመስግንህ?»

ርእሶም ተነስቶ ወጣ። በሩ ላይ ደርሶ ጥቂት ቆመ፤ ጎይትኦም እንዲጠራው ይሁን እንዳይጠራው፣ ራሱም አላወቀም። አልጠራውም።

ለኸሊፋ «እስከ ብረቱ ፋቅልኝ» አለው። ኸሊፋ ዋጋውን ደገመለት፤ ያለው ገንዘብ ለፍቀቱና ዝገት ለሚከላከለው መሠረት ቀለም ብቻ እንደሚበቃ፣ ለግራጫው ምንም እንደማይተርፍ አስረዳው። «በላዩ ላይ እንቀባ ካሉ ግን ዛሬ ግራጫዋ ያልቅልዎታል፣ አቦይ። ከውጭ ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ።»

ኸሊፋ ሰማያዊውን አውርዶ ሲጨርስ መኪናዋ ሁለት ቀን ሙሉ ቢጫ ሆና ግቢው ውስጥ ቆመች። ርእሶም እነዚያን ቀናት አልመጣም። ቢጫው ሄደ፤ ከቢጫው ጋር ተጣብቆ ግራጫውም ሄደ፤ ብረቱ ቀረ። በብረቱ ላይ ያ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ደብዛዛ፣ የማያብረቀርቅ መሠረት ተቀባ።

በሳምንቱ ለተንጉሥ መንገድ ላይ አስቆመችው። «ጎይትኦም የግራጫውን እኔ ልክፈል ይላል። ፊት ለፊት አፍሮ ነው። ምን ልበለው?»

«ቀለም ገና አልመረጥኩም በይው።»

አስመራ ጠባብ ናት፤ ተጣልቶ መተላለፍ አይቻልም። ሁለቱ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ይባባላሉ፣ ደህና ናቸው ይባባላሉ። ርእሶም ማኪያቶውን አሁን የሚጠጣው ከአንድ ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ካለ ሌላ ቡና ቤት፣ ቆሞ ነው። መኪናዋ እንዳለች ናት፤ ሰው ሲያያት መቼ ነው የምትቀባው፣ ምን ቀለም አሰብክላት ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው ይላል፤ አጠያይቆ ግን አያውቅም።