እንደ ቡና የጎነደልኩት ሮዶደንድሮን

ከመቱ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ባለቤቴ አስቴር መናኸሪያው በር ላይ ቆማ፣ «አንድ ዓመት ብለሃል፤ ቡና ለቀማ ሳይደርስ ና» አለችኝ። በአውቶቡሱ መስኮት አንገቴን አውጥቼ ማልኩላት። ዕድሜ ከሰባ ካለፈ መማል ይቀላል።

ስኮትላንድ ደርሼ ልጄ ሰናይት ቤት ተቀመጥኩ። ዝናቡስ የእኛው የኢሉባቦር ዝናብ ነው፤ ጭጋጉም ከመቱ አጠገብ ያለችውን ሁሩሙን ያስታውሳል፤ ብርዱ ብቻ የማንም ዘመድ አይደለም። ቤቱ የኪራይ ነው። ጓሮው ውስጥ ሮዶደንድሮን የሚሉት ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ እንደ ቡና ያብረቀርቃል፣ እንደ ቡና ጥላ ይወዳል፤ ግንዱ ግን አርጅቶ ተወላግዷል። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ያረጀ ግንድ ሳይ እጄ አያርፍም፤ ያረጀ ቡና ዝቅ ተደርጎ ሲቆረጥ እንደ አዲስ ያቆጠቁጣልና። አንድ ቀን ሰናይት ሥራ ስትሄድ መጋዝ አንስቼ ጎነደልኩት፤ ከጉልበት በታች፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጌ። ጫፍ ጫፉ ላይ ያበጠውን በሽታ ነው ብዬ አቃጠልኩት። ለካ እምቡጥ ኖሯል!

ቅዳሜ የቤቱ ባለቤት መጣ፤ ላንድሎርድ ይሉታል። ጓሮውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «እናቴ የተከለችው ነበር» አለ።

«ንገሪው፤ እናቱ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቢኖሩ ራሳቸው ይጎነድሉት ነበር» አልኳት ሰናይትን።

«አባዬ! ይሄንንማ አልተረጉምም። ይቅርታ ጠይቀዋል ነው የምለው።»

«እኔ መቼ ጠየቅሁ?»

«አሁን።»

ሰውዬው፣ እስከ ሰኔ ካላቆጠቆጠ የቤቱን ውል አላድስም ብሎ ሄደ። ልጄ ከነልጆቿ በእኔ መጋዝ ቤት አልባ ልትሆን ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ውርጭ ሲጥል ጉቶውን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ጎረቤታችን አሮጊት በአጥር አሻግረው አይተው፣ የሞተ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። «ገና አልለየለትም በያቸው» አልኩ። ይህንንም አልተረጎመችም።

ግንቦት ላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ቀይ ቡቃያ አየሁ። ደግሞ ሌላ። እንደ ልጅ ጮህኩ። ላንድሎርዱ መጥቶ ተንበረከከ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት፣ ውሉንም አደሰ። አንድ መስመር ግን ጨመረበት፦ የጎነደለው ሰው እስኪያብብ ይንከባከበዋል። ሰናይት በደስታ ፈረመች። እኔም ጨበጥኩት። መቼ እንደሚያብብ የጠየቅሁት ከጨበጥኩት በኋላ ነው።

ለአስቴር ደወልኩ።

«አምስት ዓመት?» አለች።

«ይላሉ። ቡና ቢሆን መቼ እንደሚያብብ እኔው ባወቅሁ ነበር።»

«ፍሬው ይበላል?»

«አይበላም። ፍየል እንኳ ከበላችው ትሞታለች አሉ።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግላቸው ተከሉት?»

«ሊያዩት።»

አስቴር፣ «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ዝናቡ መጣ፣ እህሉ ደጅ ተሰጥቷል!» ብላ ስልኩን ሳትዘጋው ጥላው ሮጠች። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ቁና ሲጎተት፣ በር ሲላተም፣ ብቻዋን ስታማርር ይሰማኛል።

«ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት!» አለች።

«አለሁ» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አልሰማችኝም።