ጅግጅጋን ከመጨረሻ የጻፍኩ ቀን

አባቴ ሃያ ዓመት ጅግጅጋ ኖሮ ሶማልኛው ከሰላምታና ከቁጥር አላለፈም። የሚሸጠው የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር ነው፤ ዋጋ የምነጋገረው ግን እኔ ነበርኩ። ከደገሀቡር በኩል የመጣ ሰው ሱቃችን ሲገባ መጀመሪያ «ዋረን?» ተብሎ ወሬ ይጠየቃል፤ ዝናቡ፣ ግመሉ፣ መንገዱ። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ዘሎ ዋጋው ላይ ጉብ ይላል፤ ሰውየው ተቀይሞ ይወጣል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ባንኮኒው ጋ እቆማለሁ። ደስ ሲለው «ምላሴ መጣች!» ይላል።

እኔ ፓምፖቹን ወደድኳቸው። የተቃጠለ ሲያመጡልን ወለሉ ላይ ፈታትቼ አያለሁ። ሸጦ የሚረሳ ሳይሆን የሚገጥም፣ የሚጠግን፣ መለዋወጫውንም ራሱ የሚያስመጣ ሱቅ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ማሽኑንም ንግዱንም አንድ ላይ የሚያስተምር የምህንድስና ክፍል እንዳለ ሰማሁ፤ ኢንዱስትሪያል ይሉታል። ፋብሪካ የበዛበት ከተማ ነው ያለው፣ ከእኛ ሙሉ ቀን መንገድ። ጅግጅጋም ምህንድስና ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጅግጅጋ ብማር ከባንኮኒው አልላቀቅም። ሰልችቶኝ ነበር።

ጅግጅጋ በታመሰችበት ክረምት ሱቃችን ተዘርፏል። ያኔ ቤታቸው ደብቀው ያተረፉን ጎረቤታችን ሶማሌው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ «አዴር» እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። ስንቱ ጠቅልሎ ሲሄድ አባቴ ከቶጎጫሌ አንድ አንድ ፓምፕ እያመጣ እንደገና ጀመረ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሞላሁት በዓመቱ ነው።

«ጅግጅጋን አንደኛ አድርጊ» አለኝ አባቴ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አደራ!»

ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ «መንግሥት ልጅን በተወለደበት አይመድብም» ይል ነበር። ይቺን ወሬ መሸፈኛ አድርጌ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፤ ጅግጅጋን የመጨረሻው መስመር ላይ ጻፍኩ። ተመልሼም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አንደኛ አድርጌዋለሁ፤ ካልሰጡኝ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኩት። «የእግዜር ፈቃድ ነው» አለና ጄኔሬተሩን መወልወሉን ቀጠለ።

ምደባው ሲመጣ የፈለግኩት ደረሰኝ። አባቴ መንግሥትን ረገመ። ለመጣ ለሄደው «አንደኛ ብላ ጽፋ ነው የነጠቁኝ!» ይላል፤ እናቴ ታለቅሳለች፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ። መኪናው ካራማራን ሲወጣ ግን፣ አፈር ይብላኝና፣ ደስ አለኝ።

ስደውል ስለ ሱቁ ትንፍሽ አይልም። «በልተሻል?» ነው የሚለኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ እማራለሁ፤ እሱ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ያጣል። ለክረምት ስመጣ መደርደሪያው ሳስቷል። «ገበያ ቀዝቅዞ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ማመኑ ስለተሻለኝ ነው እንጂ ሌላው ሱቅ ሁሉ ሞልቶ ነበር። አራተኛ ዓመት ስደርስ ዘጋው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ፓምፕ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ነበር፣ ጉድ በሉ! ይዤው ሄጄ «እንደገና እንከፍታለን» ልለው ነበር። ሳልመረቅ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ አዴር አጠገቤ ተቀመጡ። ለእናቴ ልነግራት የማልደፍረውን ለእሳቸው በሶማልኛ ተናዘዝኩ። «መንግሥት አይደለም የወሰደኝ። ጅግጅጋን መጨረሻ ላይ ጽፌ ነው የዋሸሁት።»

መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ያውቅ ነበር» አሉኝ።

ፎርሙን በሞላሁ በማግስቱ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሱቃችን መጥቶ ነበር። አዴር እዚያው ሻይ እየጠጡ ነበር። ሰውየው አባቴን «ልጅዎ ጅግጅጋን ከሁሉ በታች ጽፋለች። ተሳስታ ከሆነ ገና አልተዘጋም፤ ይዘዋት ይምጡና ላስተካክልላት» አለው።

«አባትሽ መወልወያ ጨርቁን አስቀመጠ» አሉ አዴር። «ከዚያ 'ተዋት፣ አልተሳሳተችም' ብሎ ሸኘው። ለእኔም አማርኛውን ከዚያች ከተሰባበረች ሶማልኛው ጋር እየቀላቀለ፣ 'እናቷ እንዳትቀየማት መንግሥት ነው እላለሁ' አለኝ።»

 ከማዶ እናቴ ለአንዲት ለቀስተኛ «ያ መንግሥት ልጁን ባይነጥቀው ኖሮ ሱቁም አይዘጋ፣ እሱም አይሞትብኝ» እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን ልነግራት ተነሳሁ።

አዴር ክንዴን ያዙኝ። «ቃሉን አታፍርሺበት» አሉኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።