ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት በር

አጎቴ የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ካሜራቸውን አንግተው ይወጡ ነበር። የሚያነሡት የወረታን የድሮ ቤቶች በር ብቻ ነው። ደፉ ላይ ከቁሐር ሚካኤል ረግረግ የታጨደ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ መቃኑ ላይ አደይ አበባ ተሰክቶ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። የቤቱ እመቤት ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ስትቆምላቸው፣ «እርስዎን ሌላ ቀን አነሣዎታለሁ፤ ዛሬ የመጣሁት ለበሩ ነው» ይሏታል።

አንድ ዓመት አብሬያቸው ዞርሁ። ከአንድ አሮጌ ቤት ስንደርስ በሩ ላይ አበባ የለም፤ ቄጠማም አልተጎዘጎዘም። የሚነሣ ነገር የለም ብዬ አልፌ ልሄድ ስል፣ እሳቸው ካሜራውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ሐዘን ቤት ነው፤ እንግባ» አሉኝ።

ገብተን «እግዜር ያጥናችሁ» ብለን ተቀመጥን። ስንወጣ ፀሐዩ ለፎቶ እስከማይመች ከሯል።

«ጋሼ፣ ፀሐዩ ከረረብዎት እኮ» አልኋቸው።

«ይክረር። ይህም በር ለከርሞ ያምርበታል፤ ያኔ እናነሣዋለን።»

በዚህ ክረምት መግቢያ ላይ አጎቴ አረፉ። ቀብሩም፣ ሰልስቱም፣ አርባውም አለፈ፤ እኔ ግን እስካሁን አላለቀስሁም። ሰው ሲያጽናናኝ «አሜን» እላለሁ እንጂ የሚለኝ አይሰማኝም።

እንቁጣጣሽ ሲነጋ ካሜራቸውን አንግቼ ወጣሁ። መንደሩ ሁሉ አበባ ነው። አንድም በር ሳላነሣ ተመለስሁና ከእኛው በር ፊት ቆምሁ። አበባ የለም፤ ቄጠማም የለም።

ካሜራውን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ገብቼም ከባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀመጥሁ።