የመርከብ አብሳዩ እህት

በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ በሰው አገር የታሰሩ፣ የታመሙ፣ ፓስፖርት የጠፋባቸውን ዜጎች ጉዳይ መከታተል ነው። ቤተሰብ ሲደውልላት "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" ትላለች። ሂደቱ የት እንደደረሰ ግን ብዙ ጊዜ እሷም አታውቅም።

ታናሽ ወንድሟ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። በዚያ ዓመት የመርከቡ ባለቤት ከሰረና ስልኩን ዘጋ፤ መርከቡም ሩቅ አገር ወደብ ላይ ቆሞ ቀረ። የወደቡ ሹሞች መርከበኞቹን "ተተኪ ሳይመጣ ጥላችሁ አትወርዱም" አሏቸው።

እናቷ ይህን እንደሰሙ በየቀኑ ቢሮ ይደውሉላት ጀመር።

"እዚያ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብለሽ ወንድምሽ ባሕር ላይ ይሙት?"

"እማ፣ ጽፈናል እኮ!"

"ለማን ነው የምትጽፉት? ለዓሣው?"

እውነትም ተጽፎ ነበር። መርከቡ የሚያውለበልበው የአንድ አገር ባንዲራ፣ ባለቤቱ የሌላ አገር ሰው ነውና ሁለቱ አገሮች አንዱ ወደ አንዱ ጣቱን ቀሰረ። ወደቡ ያለበት አገር ኤምባሲ ደግሞ የአምባሳደሩ ማዕረግ ተሳስቷል ብሎ ደብዳቤውን መለሰው። ተስተካክሎ ሲቀርብ ኃላፊዋ አልፈርምም አሉ።

"የወደቡ አገር ልዑካን ሊመጡ ነው። እንግዳ በር ላይ ደርሶ ክስ ይቀርባል እንዴ?"

"ክስ አይደለም ጌታዬ፣ ሰዎቻችንን አውርዱልን ነው የምንለው።"

"እህቴ፣ ወንድምሽ ስለሆነ ነው የቸኮልሽው።"

ያን ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ሙሉ ለልዑካኑ እራት በሚሰቀለው መጋረጃ ቀለም ሲጨቃጨቅ ሰነበተ። እሷንም የእራት ጠረጴዛ ላይ የስም ካርድ አስተካክይ ብለው መደቧት። ካርዱን እየደረደረች ሳለች ከወንድሟ የድምፅ መልእክት ደረሳት። "ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ሥጋው ተበላሽቷል። ሩዝም እያለቀ ነው። ካፒቴናችን ክፍሉን ዘግቶ ያለቅሳል። ለእማ ደህና ነው በያት።"

ግብዣው ሲያበቃ የወደቡ አገር አምባሳደር ካፖርታቸውን ሲለብሱ አየቻቸው። እግሯ ቀድሟት ሄደ።

"ክቡር አምባሳደር፣ ወንድሜና ጓደኞቹ እናንተ ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ተዘግቶባቸዋል።"

"መርከብ? ማንም አልነገረኝም!"

"ጽፈን ነበር፤ ማዕረግዎ ተሳስቷል ተብሎ ተመለሰ።"

"ምን ብላችሁኝ ነው?"

"ጉዳይ ፈጻሚ።"

ሰውየው ከአምባሳደርነት ዝቅ መደረጋቸውን ሲሰሙ በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም። የመርከቡን ስም ነግራቸው፣ ጸሐፊያቸው ሲጽፍ ፊደሉን እስኪጨርስ ከፊቱ አልተነቃነቀችም። ኃላፊዋ ከአዳራሹ ማዶ ፊታቸው ጠቁሮ ያዩዋታል።

ብዙም ሳይቆይ ወደቡ የራሱን ጠባቂዎች መርከቡ ላይ አስቀመጠና መርከበኞቹ ወረዱ። የሚኒስቴሩ ጋዜጣ "ክፍላችን ባደረገው የተቀናጀ ጥረት" ብሎ አወጣው። በዚያው ጠዋት ለእሷ ከደረጃዋ በላይ በመነጋገሯ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ጋዜጣውን አንብባ ሳትጨርስ ማስጠንቀቂያውን ፈርማ ተቀበለች።

ወንድሟ ከስቶ ገባ። እናቱ አቅፈውት ተንሰቀሰቁ። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ። ፊቱ መለስ ሲል አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ሌላ መርከብ አግኝቻለሁ" አለ።

እህቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አብደሃል?"

"ሙያዬ እኮ ነው! ሌላ ምን ልሥራ?"

እናቷ ያግዙኛል ብላ ዞራ አየቻቸው። እሳቸው ለልጃቸው ወጥ እየጨመሩለት ነበር።

"ይሂድ እንጂ፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?" አሉ። "አንቺ እያለሽ!"

የራሷ ሳህን ገና ምግብ እንዳለበት አንስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።