የክረምቱ ጥናቴና እንግዳው

ጎንደር ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለሳይንስ ተማሪዎች የክረምት የላቦራቶሪ ጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ተገኘ። የእኔ ጥናት ወተትን በሚያረጉ ባክቴሪያዎች ላይ ነበር። ናሙናውን ለማግኘት ያየሁትን አሳር አልነግራችሁም! በዚያ ጭቃ አይከል ከተማ ድረስ ሄጄ ቤት ለቤት ለመንኩ። አንዲት ባልቴት “ምነው ልጄ፣ እርጎዬ ታሟል እንዴ የምትመረምሪው?” ብለው ግማሽ ቀን ካስለመኑኝ በኋላ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ።

በማግስቱ የድርጅቱ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጡ። ጥናቱን አይተው ካልወደዱት ለከርሞ ተማሪዎች ገንዘብ የለም። ለወጉ ነጭ ጋወን ልልበስ ብዬ ማራኪ ሰፈር ወዳለው ኪራይ ቤቴ ሮጥኩ። ስመለስ ሰውዬው ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጠው በማንኪያ ይበላሉ። ጠርሙሴ አጠገባቸው ባዶውን ቆሟል። ክው አልኩ።

“ጎበዝ!” አለኝ ክረምቱን ሙሉ ላቦራቶሪውን ረግጦ የማያውቀው አማካሪዬ። “ለእንግዳ ብለሽ ማስቀመጥሽ! ከማቀዝቀዣው አውጥቼ አቀረብኩላቸው።”

በዓይኔ ብጠቅሰው፣ ጉሮሮዬን ብጠራርግ፣ ወይ ፍንክች! ጭራሽ “ሌላ የለም እንዴ? ጨምሪላቸው እንጂ!” ብሎ ይቆጣኛል።

እንግዳው የመጨረሻዋን ማንኪያ አጣጥመው አፋቸውን ጠረጉ።

“እርጎ ማለት እንዲህ ነው! በይ ልጄ፣ አሁን ደግሞ ጥናትሽን አሳዪኝ።”

“ጋሼ፣ የበሉት እሱን ነው።”