ሳይጸድቅ

ሰልሰቢል መካነ ሰላም ገበያ ዳር ማመልከቻ እየጻፈች፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች የምታድር ሴት ነበረች። አባቷ ከላላ ከተማ ልጆችን ቁርአን ያስቀሩ ስለነበር ዓረብኛውን በልጅነቷ ለምዳዋለች፤ ኋላ ላይ ለውጭ አገር ሰዎች እየተረጎመች በኢንተርኔት ብቻ በሚላላኩት ገንዘብ፣ በቢትኮይን፣ ይከፍሏት ጀመር። ባሏ ሰዲቅ ለሥራ ጅዳ ነው። የምትሠራበት ሱቅ የባሏ ታላቅ ወንድም የዑበይዳ ነው፤ ዑበይዳ ደግሞ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት አይወድም። «የማይጨበጥ ገንዘብ የሸይጣን ነው» ይላታል፣ ያውም ሰው ፊት።

በ2010 ታኅሣሥ ያ የሸይጣን ገንዘብ ዋጋው ሰማይ ነካ። የዑበይዳም ምላስ ለዘበ። «ደሴ ያለው ገዥሽ አራጌ የቢትኮይን መቀበያ አድራሻውን ቀይሯል፤ ስጥልኝ ብሎኛል፤ ይኸው» ብሎ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት በስልኳ ላከላት። አራጌ ከዚህ በፊትም ከእሷ ገዝቶ ስለነበር አልተጠራጠረችም። የስምንት ወር ልፋቷን ጠዋት ላከችው። የማስተላለፊያ ክፍያው ያን ሰሞን አልቀመስ ስላለ፣ ትንሽ የከፈለ ወረፋ ቢጠብቅም፣ ትንሹን መረጠች።

ቀትር ሆነ፤ ዝውውሩ አልጸደቀም። ዑበይዳ ከሱቁ አልወጣ አለ።

«ምን ይጎልተዋል? ክፍያ ጨምሪበትና ይሂድ!»

«ይደርሳል ጋሼ፣ አብሽሩ።»

«ደንቆሮ! ሰዲቅ ምን ታይቶት እንዳገባሽ!»

ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሰልሰቢል ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ውጭ ወጥታ ለአራጌ ደወለች።

«የምን አዲስ አድራሻ?» አለ አራጌ። «እኔ ምንም አልቀየርኩ። ዑበይዳ የሚባል ሰውም አላውቅም።»

ስልኩን ዘጋች። ግድግዳ ተደግፋ ስታስብ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ያልጸደቀ ገና አልሄደም። ያንኑ ገንዘብ ክፍያውን ከፍ አድርጋ ወደ ሌላ አድራሻ ብትልከው አዲሱ ቀድሞ ይጸድቃል፤ የፊተኛው ይሻራል። ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«ጨመርሽ?»

«እየጨመርኩ ነው።»

ክፍያውን አምስት እጥፍ አደረገችው። ተቀባዩ ቦታ ላይ የራሷን አድራሻ አስገብታ ላከች።

ዑበይዳ ስልኩን አውጥቶ አፈጠጠበት። እየመጣ ነው ሲለው የዋለው ገንዘብ ከዓይኑ ሥር ጠፋ። ፊቱ ከሰል መሰለ።

«የት አደረስሽው?»

«አንተ አራጌ መሆንህን አላውቅም ነበር» አለችው። አንቱታው ከአፏ የወደቀው ያን ጊዜ ነው።

ሽቦውን መነጨቀ፤ ኮምፒውተሯን አንስቶ ገበያው አቧራ ላይ ወረወረው። «ከቤቴ ውጪ!» ጩኸቱ እህል ተራ ድረስ ተሰማ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ አዲሱ ዝውውር ጸድቆ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰዲቅ ደወለ። «ወንድሜን በአደባባይ አዋረድሽው።»

«ሊሰርቀኝ ነበር።»

«ቢወስድስ? ታላቄ ነው!»

ስልኩን ዘጋችበት። 

በወሩ ቢትኮይኑን ለአራጌ ሸጠችና አባቷ አገር ከላላ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ዑበይዳ ለገበያ ሲመጣ በደጇ አያልፍም፤ በጀርባ ይዞራል። እናስታርቅ ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎችን አክብራ ወንበር ታቀርባለች፤ የዑበይዳን ስም ሲያነሱ ግን ብድግ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።