ለሐኪም የተሰናዳ በሽተኛ

አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ሰሞን እኔና እናቴ በየጠዋቱ አንድ ሥራ ነበረን፤ ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት እሱን ማሰናዳት። ዋናው ሐኪም ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪዎቹን አስከትሎ በየአልጋው ይዞራል። እኛ ቀደም ብለን ደርሰን ፊቱን እናጥበዋለን፣ ቫዝሊን እንቀባዋለን፣ ፀጉሩን እናበጥርለታለን። ያስመለሰበትን ሳህን ሽንት ቤት ወስጄ የምደፋው እኔ ነኝ። አንሶላው ከቆሸሸ እናቴ ከቤት ባመጣችው ትቀይረዋለች። አባቴ በፒጃማው ላይ ኮቱን ደርቦ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ይጠብቃቸዋል።

ለሚሰማው ሰው ያስቅ ይሆናል። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው አቤቱታ ሲመዘግብ ኖሮ እሱ ራሱ ስለ ምንም ነገር አቤት ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጫማው ቢጠበው እንኳ እግሩ ነው ጥፋተኛው። ሕመሙም ሲጀምረው ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ያለውን ዳገት እንደ ዋዛ ይወጣ የነበረው ሰው መንገድ ላይ ሦስቴ አራቴ እያረፈ መምጣት ሲጀምር ነው። ከዚያ ከሳ። ከዚያ ደግሞ ጠቆረ። እናቴ "ፀሐይ ነው" አለች። ቀኑን ሙሉ በመዝገብ መደርደሪያ መሀል የሚውል ሰው የቱን ፀሐይ አግኝቶ እንደሚጠቁር ማናችንም አልጠየቅናትም።

ምግብም አልጥመው አለ። የቀረበለትን ሁሉ ጨው የለውም ይላል። እናቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጥራ "ስንት ዓመት የበላኸው ወጥ ዛሬ ነው ጨው ያነሰው?" ብላ ኮረፈችው። አንድ ቀን ጓዳ ስገባ ጨው በመዳፉ ይዞ ሲልስ አገኘሁት። እንዳልናገር በዓይኑ ለመነኝ፤ አልተናገርኩም።

በዚያን ጊዜ የከሳ ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሊጠይቁት መጥተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ። አባቴ ተመርምሮ ነፃ ሆነ፤ ግን የምርመራ ወረቀት ይዞ ሰፈሩን አይዞርም። እናቴ ባሏ በሰው ፊት ጤነኛ መስሎ እንዲታይ መታገል የጀመረችው ያኔ ነው። ሰው ሲመጣ ታለብሰዋለች፣ ታስነሳዋለች፣ ትቀባባዋለች። በኋላ ሆስፒታል ስንገባም ይህንኑ ይዘን ገባን።

ሆስፒታል የገባነው ብዙ ክሊኒክ ከዞርን በኋላ ነው። አንዱ ጨጓራ ብሎት ነበር፣ ሌላው ታይፎይድ፣ አንዱ ደግሞ ታይፎይድም ታይፈስም ብሎ ሁለቱንም ሰጥቶታል። ሆስፒታል ውስጥ ጉሉኮስ ተተከለለት፤ በሁለተኛው ቀን ትንሽ ነፍስ ዘራ። ዋናው ሐኪም ጠዋት መጥቶ "እንዴት አደሩ አባባ?" ይለዋል።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?" ይላል አባቴ። ከተማሪዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ ይጽፋል።

በስድስተኛው ቀን ጉሉኮሱ ከተነቀለለት በኋላ አባቴን ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሽንት ቤት ልወስደው ሳስነሳው ዞሮበት እላዬ ላይ ወደቀ። ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ አልጋው ላይ መለስኩት። እናቴ ፊቱን አበሰች፣ እኔ ሳህኑን ደፋሁ፣ ኮቱን አለበስነው። ሐኪሞቹ መጡ። የተለመደውን ጠየቁ፣ የተለመደውን መለሰ። ዋናው ሐኪም ያን ቀን ወደ እኔ ዞረና "ልጁ ነሽ? ይበላል? ያስመልሰዋል?" አለኝ።

አባቴ አየኝ። ጓዳ ውስጥ ያየኝን አስተያየት ነው ያየኝ።

"ይበላል። አያስመልሰውም" አልኩ።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ የሚያሰኝ ዕድሜ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የመውጫ ወረቀቱን ሰጡን፤ እናቴ ደስ ብሏት ለነርሶቹ ብርቱካን አደለች።

ቤት በገባን በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ሲጠሩት አልነቃ አለ። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፣ በላብ ርሷል። በታክሲ ይዘነው ስንመለስ ድንገተኛ ክፍል የነበረችው አንዲት ቀጭን ወጣት ሐኪም ናት። ግፊቱን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ጉሉኮስ አስተከለችለት። ፋይሉን አገላብጣ ዘጋችው።

"በቃ ይሄን ተይው" አለችኝ። "አንቺ ነሽ አይደል የምታስታምሚው? ማለቴ፣ ያየሽውን በሙሉ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።"

ነገርኳት። ድካሙን፣ ማስመለሱን፣ ሲቆም እንደሚያዞረው፣ ጨው መላሱን። ጨው ስል ቀና አለች። የአባቴን መዳፍ ዘረጋችው፤ መስመሮቹ በእስክሪብቶ የተሰመሩ ይመስል ጠቁረዋል። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን በባትሪ አየች፤ እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ያን ፊትና ያን እጅ ስንት ጠዋት አጥቤዋለሁ።

ከኩላሊት በላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች እንዳሉ፣ የእሱ ሥራ እንዳቆሙ፣ ምናልባት ሳንባ ነቀርሳ በልቷቸው ሊሆን እንደሚችል ፈጠን ፈጠን እያለች አስረዳችኝ። ሰውነቱ ጨው መያዝ የማይችለው ለዚህ ነው። በሽታው ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ እሷም ከመጽሐፍ ውጭ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ ሁሉ እኮ ፋይሉ ላይ የለም" አለችኝ። "ለምን አልተናገራችሁም?"

"የጠየቀን የለም" አልኳት። ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

የሚያስፈልገው መርፌ ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ባምቢስ አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች ጠየቅኩ፤ አንዱ አልቋል አለኝ፣ ሌላው ነገ ይገባል አለኝ። ነገ የሚለውን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። በሚኒባስ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ሄጄ በሦስተኛው ፋርማሲ አገኘሁት። ስመለስ መስቀል አደባባይ ላይ ሰልፍ ነበርና መንገዱ ተዘግቷል። ወርጄ በሕዝቡ መሀል መርፌውን ደረቴ ላይ ይዤ ሮጥኩ። ሰዎች ይዘፍናሉ፣ ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ እኔ እያለቀስኩ "አሳልፉኝ" እላለሁ፤ አንዲት ሴትዮ የጠፋሁ መስሏት እጄን ይዛ "ከማን ጋር ነው የመጣሽው?" ትለኛለች። እጄን መንጭቄ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ሴትዮዋ ደግ ነበረች።

መርፌውን ወጉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግፊቱ ትንሽ ከፍ አለ፤ እናቴ መሬት ሳመች። ዓይኑን ገለጠና አወቀን። ይናገራል ብዬ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ፤ አልተናገረም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አረፈ።

ሬሳውን እስኪሰጡን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም ወጣቷ ሐኪም መጥታ አጠገቤ ቆመች። መልሱን እችለው እንደሆነ እንኳ ሳላስብ ጠየቅኳት፤ መጀመሪያ ተኝቶ በነበረበት ጊዜ ቢታወቅ ኖሮ? ልትዋሸኝ እንደፈለገች ፊቷ ላይ አየሁ።

"በየቀኑ ክኒን እየዋጠ ይኖር ነበር" አለችኝ። "ሥራውንም ይሠራ ነበር።"

እናቴ ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ነበርና አልሰማችም።

ከአርባው በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። አባቴ ከሞተበት ቀን ጀምሮ እህል በእናቴ አፍ አይዞርም፤ ቀሚሷ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። አንድ ቀን ምሳ አቅርቤላት ሳለ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

"እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ሕመሙን ባንደብቅ ኖሮ ይድን ነበር?"

"አይድንም ነበር፣ እማዬ" አልኳት። "በሽታው ቀድሞ ጨርሶታል። ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ፤ ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም ነበር ብላኛለች።"

"እንደሱ አለችሽ?"

"እንደሱ አለችኝ።"

እናቴ ትንሽ አለቀሰች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ያን ቀን ምሳዋን ጨርሳ በላች። እኔ ባዶውን ሳህን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።